ለእሳት የተሠራ ቤት

ከመስከረም ወዲህ ቴሳ ከእሳት በቀር ሌላ ወሬ አልነበራትም። ዓርብ ዓርብ አባቷ ክሬግ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲቀበላት፣ ቦርሳዋን ገና ሳታስረክበው ትጀምራለች። ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። አስተማሪያቸው ሚስ ሃርግሪቭ፣ እስከ ጥቅምቱ እረፍት ድረስ የምንማረው በድሮ ዘመን ለንደንን ስለበላው ትልቅ እሳት ነው ብላቸዋለች። ከዚያ በኋላ ሒሳቡም እሳት፣ ሥዕሉም እሳት፣ መዝሙሩም እሳት ሆነ። ቴሳ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ እግሯን እያወናጨፈች ትተርክለታለች፤ እሳቱ ከዳቦ ጋጋሪው ቤት እንዴት እንደተነሣ፣ ከንቲባውን ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ሲነግሩት እንዴት ንቆት ተመልሶ እንደተኛ፣ ሰው ሁሉ ነፍሱን ይዞ ሲሮጥ አንዱ ሰውዬ ደግሞ ጉድጓድ ቆፍሮ አይብ እንደቀበረ።

«አይቡን ምን ሊያደርገው ነው?» ይላል ክሬግ፣ መልሱን ካለፈው ሳምንት እያወቀው።

«ውድ አይብ ነበራ አባዬ። ከጣልያን የመጣ።»

ክሬግ ባርንስሊ ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ይነዳል። ሳምንቱን ሙሉ ጡረተኛውን ወደ ገበያ፣ ተማሪውን ወደ ኮሌጅ ሲያመላልስ ይውልና ዓርብ ሲደርስ ፊቱ ይፈታል። ከቴሳ እናት ከሊያን ጋር ከተለያዩ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ልጅቷ ከሰኞ እስከ ዓርብ እናቷ ጋ፣ ቅዳሜና እሑድ እሱ ጋ ናት። በዚህ ክፍፍል ላይ ቅሬታ አልነበረውም፤ ቅሬታው የመጣው ዳንካን ከሊያን ጋር አብሮ መኖር ከጀመረ ወዲህ ነው።

ዳንካን አናጢ ነው። የሚጠጣ፣ የሚጮህ፣ ወይ ልጅቷን የሚገላምጥ ሰው ቢሆን ኖሮ ለክሬግ በቀለለው፤ በሙሉ ልቡ ይጠላውና ያርፍ ነበር። ዳንካን ግን ረጋ ያለ፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ቴሳን ሊረከብ በር ድረስ ሲወጣ «እንደምን ሰነበትክ ክሬግ» ብሎ እጁን የሚዘረጋ ሰው ነው። ያ የተዘረጋ እጅ ክሬግን ከስድብ የበለጠ ያንገበግበዋል። የዓርቡ ወሬ መሐል ላይ «ዳንካን እኮ...» የሚል ቃል ጣልቃ ሲገባ፣ ጣቶቹ ሳያስበው መሪውን ጨምቀው ይይዛሉ። የድሮ ሰዎች ቤታቸውን በእንጨት ማገር እንዴት እንደሚያቆሙ ያስረዳት ዳንካን ነው። ወደ ቤተ መጻሕፍት የወሰዳት ዳንካን ነው። ጭድ ለምን ቶሎ እንደሚነድ ያሳያት ዳንካን ነው።

«ታዲያ እኔን ለምን አልጠየቅሽኝም?» አላት አንድ ዓርብ።

ቴሳ ገርሟት አየችው። «አንተ ሰኞ የለህማ» አለችው።

እውነቷን ነው፣ ሰኞ የለም። ክሬግ ይህችን ቃል እሑድ ማታ ድረስ ሲያመነዥካት ሰነበተ።

ነገሩ ግን የከረረው ቤት ሥሩ ከተባሉ በኋላ ነው። ሚስ ሃርግሪቭ ወላጆችን በር ላይ ሰብስባ፣ እያንዳንዱ ልጅ የዚያን ዘመን ቤት በካርቶን ሠርቶ እንዲያመጣ፣ ከእረፍቱ በፊት ባለው የመጨረሻ ዓርብም የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው ቤቶቹን ሜዳው ላይ ደርድረው እንደሚያቃጥሏቸው ነገረቻቸው። ልጆቹ እሳት ከቤት ወደ ቤት እንዴት እንደሚዘል በዓይናቸው እንዲያዩ ነው አለች። ወላጆች ሳቁ። ክሬግ አልሳቀም፤ የእሱ ሐሳብ ቀድሞ አናጢው ጋ ሄዷል። እንጨት ሲያሾል የሚውል ሰው ካርቶን ቢያገኝ ቤተ መንግሥት አይሠራም?

«የኛን ቤት እዚህ ነው የምንሠራው» አላት ቴሳን መኪና ውስጥ እንደገቡ።

«ጓሮ፣ በዳንካን የሥራ ክፍል ውስጥ አንድ ጀምሬያለሁ» አለች ቴሳ።

«ይሁና፤ ሁለት ቤት ያለው ሰው የለም እንዴ?»

«እኔ አለኝ» አለች ቴሳ።

ቅዳሜ ጠዋት ክሬግ ከሱፐርማርኬት ባዶ ካርቶን ለምኖ አመጣ። ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፍተው ምንጣፉ ላይ ጋዜጣ አነጠፉ። ያ ቅዳሜ ጥሩ ቀን ነበር፤ ክሬግ ራሱ በኋላ ሲያስበው ከዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ የሚያምረው ያ ቀን ብቻ እንደነበር ይታወቀዋል። እሱ ይቆርጣል፣ እሷ ታጣብቃለች። ሙጫው ፀጉሯ ውስጥ ገባ። መስኮቶቹን እሷ በጥቁር ቀለም ሣለቻቸው፤ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ሄደ። በትልቁ መስኮት ውስጥ ድመት ጨመረች፤ ጆሮዋ ከጭንቅላቷ የሚበልጥ ድመት። ጣሪያው ወደ አንድ ወገን አዘነበለ። ለምሳ የቆርቆሮ ቦሎቄ በተጠበሰ ዳቦ ላይ አድርገው መሬት ላይ ተቀምጠው በሉ።

እሑድ ማታ ልጅቷን መልሶ ብቻውን ሲመጣ የካርቶኑ ቤት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቆሞ አየው። ከሌላ ቤት አጠገብ ሲደረደር በዓይነ ሕሊናው መጣበት፤ የአናጢው ቤት ቀጥ ብሎ፣ ማገሩ ተለክቶ፣ የሱ ደግሞ እንደ ሰካራም ዘንበል ብሎ። ወላጆች ሲተያዩ፣ ሊያን በሐዘኔታ ፈገግ ስትል ታየው። ማስመሪያ አወጣና ጣሪያውን ገነጠለው።

በዚያ ሳምንት ከሥራ እንደተመለሰ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ ወደ ካርቶኑ ቤት ነበር የሚሮጠው። ጣሪያውን በአዲስ ሠራው፤ ከላዩ የመጥረጊያ ጭራሮ እያሳጠረ እንደ ሳር ክዳን ደረደረበት። ግድግዳውን ነጭ ቀባው። የተንጋደዱት መስኮቶች ከቀለሙ ሥር ጠፉ፣ ድመቷም አብራ ጠፋች። በላያቸው በማስመሪያ አዳዲስ መስኮቶች ሠራ፤ መስቀለኛ ጥቁር ማገር ሣለ፣ ከላይኛው ፎቅ ወደ መንገዱ ወጣ የሚል ሰገነት ጨመረ። ተርሚናል ላይ፣ ለሻይ ባረፉበት፣ ፎቶውን ለባልዴቭ አሳየው። ባልዴቭ አብሮት ዓመታት የነዳ፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው።

«ወንድሜ፣ ይሄን ነው የምታቃጥሉት?» አለ ባልዴቭ ስልኩን እያራቀ እያቀረበ። «እሱን አቃጥለህ እኔን ለምን አታስገባኝም፤ ከኔ አፓርታማ ይሻላል እኮ።»

ክሬግ ልቡ ቅቤ ጠጣ። «አናጢው አፉን ይዘጋል» አለ።

«ልጅቷስ? የትኛውን ክፍሉን ሠራች?»

«እሷማ ልጅ ናት» አለ ክሬግ፣ ስልኩን እየተቀበለው።

የሚቀጥለው ዓርብ ቴሳ ስትገባ ቤቱ ጠረጴዛው መሐል፣ መብራት ሥር ተቀምጦ ጠበቃት። ክሬግ ከኋላዋ ቆሞ ፊቷን ጠበቀ። ቴሳ ዞር ዞር ብላ አየችው። በጣቷ ጭራሮውን ነካ አደረገች። ወደ ትልቁ መስኮት ጎንበስ አለችና ቀና አለች።

«ቆንጆ ነው» አለች።

«ወደድሽው?»

«አዎ አባዬ። በጣም ቆንጆ ነው።» ከዚያም ቴሌቪዥን ማየት ትችል እንደሆነ ጠየቀችው።

እሱ በደስታው ውስጥ ሆኖ ሌላ ነገር አልታየውም። በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ሊያን ደውላ፣ ለአንድ ልጅ አንድ ቤት ብቻ ስለተባለ ቴሳ የአባቷን ቤት ልትወስድ መርጣለች፣ ሐሙስ አምጣልን ስትለው ስልኩን ዘግቶ ወጥ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ጨፈረ። መረጠችኝ አለ። ቃሉን ደጋግሞ አለው። የዓርብ ፈረቃውን ከባልዴቭ ጋር ተቀያየረ፣ ያለውን ንጹሕ ሸሚዝ ተኮሰ።

ዓርብ ቀኑ ደመናማ፣ ነፋሱም ለስላሳ ነበር። ቀዩ የእሳት አደጋ መኪና ሜዳው ዳር ቆሟል፤ ልጆቹ በገመድ ከታጠረው መስመር ወዲያ ተሰልፈዋል። የካርቶን ቤቶቹ እንደ ጠባብ ሠፈር በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተደርድረዋል። አንዳንዱ ከጫማ ሣጥን የተሠራ፣ አንዳንዱ በር የሌለው፣ አንዱ ጭራሽ ወረቀት የተለበጠ የብስኩት ካርቶን ነው። ከመሐላቸው የክሬግ ቤት ሰገነቱን አውጥቶ፣ ሳሩን ደፍቶ፣ ጌታ መስሎ ቆሟል። ሰው ሁሉ እሱን እያየ ስልኩን ያወጣል። አንዲት እናት ለባሏ «ይሄንንስ ልጅ አልሠራውም» ስትል ክሬግ ሰማ፤ እንደ ምስጋና ቆጠረው።

ሊያንና ዳንካን ከአጥሩ አጠገብ ቆመዋል። ዳንካን ከሥራ ነው የመጣው፤ ሹራቡ ላይ የእንጨት ብናኝ አለ። ክሬግ ሌላ ባዶ ቦታ ሞልቶ ተርፎ ሳለ ሄዶ አጠገባቸው ቆመ።

«ያንተ እጅ ነው አይደል?» አለው ዳንካን ቤቱን እያየ። «ያ ሳር ክዳን እንዴት ነው የያዘልህ? እኔ እንኳ እንደዚያ አላሳምረውም።»

ክሬግ ቃሉን ገልብጦ መረመረው፤ ሽሙጥ ፈልጎ አጣበት። ሰውየው ከልቡ ነው። ይህ ደግሞ ድሉን ግማሽ አደረገበት። ቢቀና ምን ነበረበት? እኔ ስንት ወር ስቃጠል የከረምኩትን ይሄ ሰውዬ አንዲት ደቂቃ ቢቃጠል ምን ነበረበት? አለ በልቡ።

ሚስ ሃርግሪቭ ምልክት ሰጠች። አንዷ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ጎንበስ ብላ የዳቦ ጋጋሪው ቤት የተባለውን፣ የረድፉን መጀመሪያ ለኮሰችው። መጀመሪያ ቀጭን ጭስ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ነበልባሉ በመስኮት ወጣና ጎረቤቱን ላሰው። ልጆቹ የተማሩትን መዝሙር በአንድ ድምፅ አነሡት። እሳቱ መንገዱን ተሻገረ። የክሬግ ሰገነት ወጣ ያለ ስለነበር ቀድሞ ያዘ፤ ጭራሮው እንደ ክብሪት ቦግ ብሎ ነደደ፣ ሰው ሁሉ «ዋው» አለ። አንዲት ትንሽ ልጅ የራሷ ቤት ሲወድቅ አይታ ምርር ብላ አለቀሰች፤ ሚስ ሃርግሪቭ አቀፈቻት። ክሬግ የቴሳን ፊት ፈለገ፤ ካለቀሰች ሮጦ ሊያቅፋት እግሩን አዘጋጅቷል። ቴሳ ግን ከጓደኛዋ ጋር ተቃቅፋ እየሳቀች ነበር። የሳሩን ቦግታ በእጇ ለጓደኛዋ ታስመስላለች።

ጭሱ በውሃ ከጠፋ በኋላ፣ ልጆቹ ለወላጆቻቸው ሲለቀቁ ሮጣ መጣችለት።

«አየህ እንዴት እንደነደደ? ሚስ እኮ ከሁሉም የኔ አሪፍ ነደደ አለች።»

«አላዘንሽም እንዴ ቴስዬ?»

«ለምን?»

«ቤታችን ተቃጠለ እኮ።»

ቴሳ፣ ለትንሽ ልጅ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው ዓይኗን ተክላ አየችው። «የተቃጠለው ያንተ ነው። የኔ አለ፣ ጓሮ ነው ያለው። ሚስ ሲቃጠል የምታለቅሱበትን ቤት አታምጡ ብላናለች።»

ክሬግ ሊስቅ ሞከረ። ሊያን ሰምታ ዓይኗን ወደ ሌላ አዞረች።

እረፍቱ መግባቱ ስለነበር ቴሳ ጥቂት ቀን እሱ ጋ ልትሰነብት ነው፤ ልብሷን ለመውሰድ እናቷ ቤት ሄዱ። ሊያን ሻይ ልታፈላ ገባች። ቴሳ የአባቷን እጅ ይዛ እየጎተተች ወደ ጓሮ፣ ወደ ዳንካን የሥራ ክፍል ወሰደችው። ክሬግ የአናጢውን ቤተ መንግሥት ሊያይ ጥርሱን ነክሶ ገባ።

መደርደሪያው ላይ የተቀመጠው ቤት ግን አንድ ጎኑ ከሌላው ያጠረ፣ ሙጫው እንደ ሻማ የተንጠባጠበ፣ በሩ ተገልብጦ የተለጠፈ ነበር። ጣሪያው እንደ ባርኔጣ ወደ ጆሮ ወርዷል። ማገሩ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ነው። መስኮቱ ላይ ባለ ትልልቅ ጆሮዋ ድመት ተቀምጣለች። ክሬግ መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር፤ ክፉ ደስታ። ይሄ ነው አናጢው? አለ። ቤቱን አንሥቶ እያዞረ የዳንካንን እጅ ፈለገበት፤ አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ አንድ በወጉ የተቆረጠ ጠርዝ። የለም። አንዲትም አልነበረችም። ከዚያ ነው የገባው፤ ሲገባውም ቤቱን በሁለት እጁ፣ እንደሚሰበር ነገር፣ ወደ ቦታው መለሰው።

ዳንካን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሻይ ይዞለት መጥቷል። ቴሳ በጎኑ ሾልካ ወደ እናቷ ሮጠች።

«ያንን ጣሪያ ላቃናው እጄን እንዴት ሲበላኝ እንደከረመ አትጠይቀኝ» አለ ዳንካን። «አንድ ቀን ነካ አደረግሁት። ‹ዳንካን፣ እጅህን ሰብስብ› አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እጄን ኪሴ ከትቼ እዚያች በርጩማ ላይ ቁጭ ነው።»

ክሬግ ሻዩን ተቀበለ። ሊያመሰግነው ይገባ ነበር፤ አላመሰገነውም። አዲስ ቅናት፣ ከበፊቱ ሁሉ የጠለቀ፣ ከውስጥ ያዘው። የቀናው በቤቱ አልነበረም። የቀናው በዚያች ቁጣ ነው። ልጄ ለዚህ ሰው እጅህን ሰብስብ ትለዋለች፤ ለኔ ግን ቆንጆ ነው አባዬ ትላለች። በእሱ ፊት እንደ ልቧ ናት፤ በኔ ፊት እንደ እንግዳ ትጠነቀቃለች።

«ያቺ ድመት» አለ ክሬግ በመጨረሻ፣ «እኔ ጋም ሠርታት ነበር። ቀለም ቀባሁባት።»

ዳንካን ብዙ አላለም። አባቱም አናጢ እንደነበር፣ እሱ ልጅ ሳለ የሠራትን ወንበር አባቱ ሌሊቱን አፍርሶ አሳምሮ እንደሠራለት፣ እስከ ዛሬ በዚያች ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደማያውቅ ብቻ ነገረው። ከዚያ ሁለቱም ሻያቸውን ቆመው ጠጡ።

መኪናው ውስጥ ቴሳ እንደ ልማዷ ስታወራ ቆየች። መብራት ላይ ሲቆሙ ክሬግ በመስታወቱ አያት።

«ቴስዬ፣ ቤቱን ስቀይረው ለምን አልተቆጣሽኝም?»

ቴሳ የመስኮቱን ጉም በጣቷ ስትጠርግ ቆየች። «ደስ ብሎህ ነበራ» አለች።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላው ያለው መኪና ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ ክሬግ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ነዳ። ይቅርታ አላት። ድመቷን ማጥፋቴ ልክ አልነበረም፣ ሌላ ጊዜ እጄን ሰብስብ በይኝ አላት። ቴሳ እሺ አለች። እሺታዋ ቀላል ነበር፤ ቃሉን የት ታስቀምጠው እንደሆነ ግን እሱ ሊያውቅ አልቻለም።

ማታ የተጠበሰ ዓሣና ድንች ከወረቀቱ ላይ እየበሉ ሳለ፣ ከእረፍት መልስ ምን እንደሚማሩ ነገረችው። በረዶ አገር ስለሄዱ አሳሾች ነው። እያንዳንዱ ልጅ በረዶ ላይ የሚጎተት ጋሪ ይሠራል፤ እውነተኛ፣ ሰው የሚቀመጥበት። ክሬግ እጁ ወደ ስልኩ ሲሄድ ያዘው። ጋሪ እንዴት እንደሚሠራ ሊፈልግ ነበር። እጁን መልሶ ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጠው።

«ከማን ጋር ነው የምትሠሪው?» አላት፤ ጥያቄውን ተራ ጥያቄ ለማስመሰል ድንች እያነሣ።

«ብቻዬን። አንተና ዳንካን ግን ውሾቹ ትሆናላችሁ። ጋሪውን የሚጎትቱት ውሾች ናቸው።»

ክሬግ ድንቹን ዋጠ። ዳንካን ገመድ አንገቱ ላይ አስሮ ሜዳው ላይ ሲጎትት ታየው፤ አጠገቡ ደግሞ ራሱን አየ። ሊስቅ ፈለገ። ቅናት ግን በአንድ ቀን የሚወጣ ነገር አይደለም፣ አፉን ከፈተበት።

«ከፊት የሚሄደው ውሻ የትኛችን ነን?»

ቴሳ ሹካዋን አስቀመጠች። ሚስ ሃርግሪቭ ክፍሉን ዝም ስታሰኝ እንደምታደርገው ጣቷን አንሥታ በጥሞና አየችው።

«እንደ ጠባያችሁ ነው» አለችው።